ስለተሸለምኩበት ማግኔት

ለክቡር አቶ ኤዝራ ቼቦይ
የኬሪዮ ማዶ ሚኒባስ ባለንብረቶች ማኅበር ሊቀመንበር፣ የነዳጅ ቁጠባ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የሽልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የአደጋ አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ኢተን

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ከእጅዎ ሲገባ እርስዎም፣ መላው ቤተሰብዎም፣ ከቢሮዎ በር ላይ ቆማ የምትውለው ትልቋ መኪናዎም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ከልቤ እመኛለሁ። የእርስዎ ጤና ለእኛ ለሾፌሮች ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ባለፈው ዓመት ጉንፋን ይዞዎት በተኙበት ሳምንት አንድም አዲስ መመሪያ ስላልወጣ ሁላችንም እንደ ሰው በልተን፣ እንደ ሰው ተኝተን ነበር። ቢሆንም ጤናውን እመኝልዎታለሁ።

እኔ ሲላስ ያቶር እባላለሁ። ከኤልዶሬት ተነሥቶ፣ ኢተንን አልፎ፣ የታምባችን ቁልቁለት ወርዶ፣ የኬሪዮን ሸለቆ አቋርጦ፣ ማዶውን ዳገት ወጥቶ ካባርኔት በሚገባው መስመር ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የማኅበሩን መኪና ነድቻለሁ። ማን ነበር ብለው እንዳይቸገሩ፣ ፎቶግራፌ በመናኸሪያው ግድግዳ ላይ ከእርስዎ ፎቶግራፍ ቀጥሎ ተሰቅሏል፤ አንገቴ ላይ ለአሸናፊ የሚጠለቀው የሲኔንዴት ሐረግ፣ በእጄ የሙርሲክ፣ የእርጎ፣ ቅል፣ ከሥሩም «የቁጠባ ሻምፒዮን» የሚል ጽሑፍ ያለበት እሱ ነው። ከሁለታችን ፈገግ ያሉት እርስዎ ነዎት።

ይህን ማመልከቻ በአስተያየት መስጫው ሣጥን ማስገባት ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን በሣጥኑ ውስጥ ንብ ከሰፈረ ሦስተኛ ዓመቱ ስለሆነ፣ ከእኛ አስተያየትም የንቦቹ ማር ለማኅበሩ እንደሚበጅ ስለተነገረን፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ ሐሙስ ዕለት ካስለጠፉት መመሪያ አጠገብ ለጥፌዋለሁ።

መመሪያው «የነዳጅ ቆጣቢው መሣሪያ ብቃት በሻምፒዮናችን በሲላስ ያቶር ውጤት ስለተረጋገጠ፣ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በመስመሩ ላሉት መኪኖች ሁሉ ለአንድ ደርሶ መልስ የሚሰጠው ቤንዚን ከሃያ ሊትር ወደ አሥራ ሰባት ሊትር ዝቅ ብሏል» ይላል። ክቡር ሆይ፣ ያቺ አሥራ ሰባት የእኔ ናት፤ የመጣሁትም ልመልሳት ነው። ሰኞ ሳይደርስ ካልመለስኳት ሌሎቹ ሠላሳ ሾፌሮች እኔ ያደረግኩትን ለማድረግ ይገደዳሉ፤ እኔ ያደረግኩት ነገር ደግሞ ሰው ይገድላል። ጊዜዎ ውድ መሆኑን ስለማውቅ አቤቱታዬንና ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መሣሪያው ራሱ ላመስግንዎ። ከስድስት ወር በፊት ሙሉ ልብስ የለበሱት ባለሙያ ከናይሮቢ መጥተው በአዳራሹ ሲሰበስቡን፣ ቤንዚን እስከ ዛሬ ወደ ሞተር የሚገባው በግፊያና በትርምስ እንደነበረ፣ በነዳጁ ቱቦ ላይ የሚታሰረው ይህ አውራ ጣት የሚያህል ማግኔት ግን ቤንዚኑን እንደ ተማሪ በሰልፍ እንደሚያስገባው፣ በሰልፍ የገባ ቤንዚንም ከመቶ አሥራ አምስት እጅ ቁጠባ እንደሚያስገኝ አስረዱን። እኛ ሾፌሮች ተራ መጠበቅን የምናከብር ሰዎች ስለሆንን ነገሩ ልባችንን ነካው። ኮስማስ ታኑይ ብቻ፣ ያ ባልደረባዬ አፉን መያዝ የማይችለው፣ እጁን አውጥቶ «ጌታው፣ ነገሩ እንዲህ የሚሠራ ከሆነ መኪናውን የሠሩት ሰዎች ለምን ከፋብሪካው አስረው አልላኩትም?» ብሎ ጠየቀ። ባለሙያውም «እነሱ ከነዳጅ ሻጮች ጋር ተመሳጥረው ነው» ብለው ሲመልሱ እርስዎ ቆመው አጨበጨቡ፤ እኛም ሊቀመንበር ቆሞ ስለሚያጨበጭብ ቆመን አጨበጨብን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ትዕግሥትዎንም አልረሳም። በመጀመሪያው ሳምንት ቁጠባው ሲጠፋ መሣሪያው ከመኪናው ጋር እስኪላመድ አንድ ወር ይፈልጋል ተባልን፤ ወሩ ሲያልቅ መኪኖቹ አርጅተዋል ተባልን፤ መኪኖቹ በአንድ ቀን እንዳላረጁ ስናስታውስ ደግሞ የሾፌር እግር ከባድ ነው ተባልን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይባላል። የእኛይቱ ላም ግን ወተቷ ሲጠፋ አላቢውን ሌባ የምትል ሆና ተገኘች።

ሁለተኛው ጉዳዬም ይኸው ነው። ማኅበሩ በራሱ ማደያ ነዳጅ ሲቀዳልን በመዝገብ ይጽፋል፤ እርስዎም መዝገቡን አንብበው በመናኸሪያው መካከል፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ፣ «መሣሪያው ይቆጥባል። ቁጠባው በመዝገቡ ካልታየ ሾፌሩ ቀድቶ ሸጦታል ማለት ነው» ብለው ስሜን ከአሥራ አንድ ሰዎች ጋር ጠሩ። ሃያ ሊትር ተቀብዬ ሃያ ሊትር ስላቃጠልኩ ሌባ የተባልኩት ያን ቀን ነው። ከተሳፋሪዎቹ መካከል የባለቤቴ እናት ነበሩ፤ እስከ ዛሬ ቤቴ ሲመጡ ቦርሳቸውን ከጉልበታቸው አያወርዱም።

ቀጥሎም «ቁጠባ ያላሳየ መኪና ከመጨረሻ ይጭናል» የሚለውን ሥርዓት ስላወጡልን ጠዋት ተራ ይዘን እኩለ ቀን መነሣት ጀመርን። ረዳቴን ወይዘሮ ጄሊሞን ያውቋታል፤ በዚህ መስመር በር ላይ ቆማ ሰው ስትጠራ ድምፅዋ ሸለቆው ማዶ ይሰማል። እርሷም በአራተኛው ቀን ጥላ ሥር ተቀምጣ «ምዜ ሲላስ፣ የእኔ ሽማግሌ፣ እኔ ባሌን እንኳ ይህን ያህል ቆሜ አልጠበቅሁትም። የመጣውም ቢሆን እንዲህ ሊያስጠብቅ የሚገባው አልነበረም» አለችኝ። ከኪሴ ነዳጅ ጨምሬ መዝገቡን ላሳምር ብል ደግሞ ከውጭ ማደያ መግዛት የማኅበሩን መሣሪያ እንደ ማማት ይቆጠራል የሚል መመሪያ ወጣ። በየት በኩል ልውጣ ብዬ አሰብኩ፣ በሩን ሁሉ እርስዎ ቀድመውኝ ዘግተውታል። ለጥንቃቄዎ አድናቆቴን እገልጻለሁ።

ሦስተኛ፣ መሣሪያውን ሳልመረምር የናቅሁት እንዳይመስልዎ። አንድ ሳምንት አስሬ፣ አንድ ሳምንት ፈትቼ፣ ከዚያው ማደያ፣ ከዚያው ቀጂ፣ ታንኩን እስከ አፉ እያስሞላሁ፣ ያንኑ መንገድ ያንኑ አሥራ አራት ሰው ጭኜ ተመላለስኩ። ሲታሰር ሃያ ሊትር ሆነ፤ ሲፈታም ሃያ ሊትር ሆነ። አንድ ቀን ብቻ ከሃያ ጥቂት አለፈ፤ የዚያን ቀን ንፋሱ ከፊት ነበር፣ ማግኔቱም ታስሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ቤት ወስጄ ለባለቤቴ ለሳሊና ሰጠኋት፤ እርሷም ከምንጣፍ ሥር የጠፉ ሰባት መርፌዎች አገኘችበት። ስለዚህ ጥቅም የለውም የሚሉ ሰዎች ግፍ እየተናገሩ ነው።

ለእኔ ግን መርፌ አልበጀኝም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ ታምባች አፋፍ ላይ ስደርስ ማርሹን ነጻ አድርጌ ሞተሩን አጠፋሁት። መኪናችን ካርቡራቶር ያለው አሮጌ ስለሆነ በቁልቁለትም ቢሆን ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ይጠጣል፤ ሲጠፋ አይጠጣም። ከኢተን ወደ ሸለቆው ስወርድ አጠፋሁ፣ በመልሱ ከካባርኔት ወደ ሸለቆው ስወርድም አጠፋሁ፣ መንገዱ ትንሽ ባዘነበለበት ሁሉ አጠፋሁ። ማታ ስቀዳ አሥራ ሰባት ሊትር ሆነ። እነሆ፣ ኮሚቴው ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ሲፈልገው የነበረው ከመቶ አሥራ አምስት እጅ ተገኘ።

የሚከተለውን ምናልባት አያውቁት ይሆናል፤ የእርስዎ መኪና ላይ ማግኔት ስላልታሰረ ለማወቅ አልተገደዱም። ሞተር ሲጠፋ ለፍሬን ጉልበት የሚሰጠው ነገር አብሮ ይጠፋል። ሁለት ጊዜ ይረገጥልዎታል፣ ሦስተኛው ላይ የረገጡት ድንጋይ ነው። ተሳፋሪው የሞተሩን ዝምታ እንዳያውቅ ጄሊሞ ራዲዮውን ከፍ አድርጋ በላዩ ላይ ራሷ ትዘፍን ነበር። አንዱ ተሳፋሪ «እመቤት፣ ዛሬ ደግሞ ምን ደስ አለሽ?» ቢላት «ቁልቁለት ስወርድ ደስ ይለኛል» አለችው፣ ዓይኗን ግን ከመንገዱ አላነሣችም። እኔም እፈራ ነበር፣ ክቡር ሆይ። በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ በአንዱ ወገን ገደል በሌላው ግድግዳ ሆኖ፣ የረገጥኩትን ፍሬን እየቆጠርኩ አሥራ አራት ሰው ይዤ ስወርድ ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ይጣበቅ ነበር። ሸለቆው ደርሼ ቁልፉን አዙሬ ሞተሩ ሲነሣ አምላኬን ሳመሰግን ተሳፋሪዎቹ መንፈሳዊ ሰው ነኝ ብለው አከበሩኝ።

አራተኛ፣ ስለ ሽልማቱ። እኛ የኢተን ሰዎች ከሯጮች ጋር ስለኖርን ቁጥር ባየን ቁጥር ክብረ ወሰን ይመስለናል፤ ይህ በሽታ የእርስዎ ብቻ ሳይሆን የከተማው ነው። የሾፌሮችን ስም በሊትር ቅደም ተከተል ጽፈው እንደ ውድድር ውጤት በመናኸሪያው ሲሰቅሉ ሰው ሁሉ ቆሞ ያነብ ጀመር። የጫማ ጠራጊዎቹ ሳይቀሩ «ምዜ፣ ዛሬ ስንት ገባህ?» ይሉኝ ነበር። በመጨረሻም ልጆቻችን ከባሕር ማዶ ወርቅ ይዘው ሲገቡ በሚደረግላቸው ወግ፣ አሮጊቶቹ እልል እያሉ፣ አንገቴ ላይ ሐረጉን አጠለቁልኝ፣ ከሰል በተቀባው ቅል የረጋውን ሙርሲክ በእጅዎ አቀበሉኝ። አባቴ ለዚያ ቅል አንድ ልጅ እንዲበቃለት ሲመኝ ነው የሞተው። ጠጣሁት። ማግኔቱ በዚያች ሰዓት በሳሊና የስፌት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር፤ ሽልማቱን ባገኘሁበት ወር ሙሉ መኪናው ላይ አንድም ቀን አልታሰረም።

ሯጭ በተከለከለ ነገር ሲያሸንፍ ሜዳሊያው እንደሚወሰድ፣ ለዓመታትም እንደሚታገድ በዚህ ከተማ የማያውቅ የለም። እኔን ግን ማንም ኮፈኑን ክፈት ያለኝ አልነበረም። ኮሚቴው የመረመረው በፊት መስታወቱ ላይ ያለውን፣ መሣሪያው ታስሯል የሚለውን ተለጣፊ ወረቀት ነው፤ እሱ ደግሞ በሚገባ ተለጥፎ ነበር። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው እንደ እኔ ላለው ነው። እኔ ግን ገደሉን እያየሁ ነው የበላሁት፤ ስለዚህ ከበሬውም አንሳለሁ።

አምስተኛ፣ ስለ ኮስማስ። ኮስማስ ታኑይ ከእኔ ጋር በአንድ ወቅት ተገርዞ፣ በአንድ ጎጆ ቁስሉ የሻረ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲጠይቅ እምቢ እንደማይባል እርስዎም የዚሁ አገር ልጅ ነዎትና አልነግርዎትም። ስሙ በውጤት ሰሌዳው መጨረሻ ላይ ሁለት ወር ከከረመ በኋላ፣ አንድ ቀን መኪና ስናጥብ መጣና «ሲላስ፣ ማግኔቱን ወዴት አዙረህ ነው ያሰርከው?» አለኝ።

«ማግኔቱ የሳሊና ቆርቆሮ ውስጥ ነው» አልኩት።

ሳቀ። እኔ እንዳልሳቅኩ ሲያይ «ታዲያ በምን?» አለኝ። ነገርኩት። የት እንደሚያጠፋ፣ የት እንደሚያስነሣ፣ ፍሬኑ ሁለት ጊዜ ብቻ እንደሚታዘዝ፣ ሁለተኛውን ከመርገጡ በፊት ቁልፉን ማዞር እንዳለበት፣ ሁሉንም በደንብ አድርጌ አስተማርኩት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስነዳ ለሰው ያስተማርኩት ነገር ይህ ብቻ ነው።

ኮስማስ የእኔን አሥራ ሰባት ሊሰብር ፈልጎ ከነገርኩት ቦታ ሁለት መታጠፊያ ቀድሞ አጠፋ። ከሸለቆው ማንጎ ጭኖ የወጣ መኪና ጎማ ሊቀይር መታጠፊያው ላይ ቆሞ ነበር። ኮስማስ ሁለቱን ፍሬን ከላይ ጨርሷቸዋል። መሪውን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ግድግዳው ስለመለሰ አሥራ አራቱም ተሳፋሪዎች በሕይወት አሉ፤ የአንዲት መምህርት ክንድ፣ የእሱም ሁለቱ ጭኖች ተሰበሩ። መጀመሪያ የደረሰለት ሌላ ሰው ነው ቢባል ደስ ባለኝ፤ የደረስኩት ግን እኔ ነኝ። በመስኮቱ በኩል እጁን ስይዘው የተናገረው «ሦስተኛው የለም ያልከኝ እውነት ነው» የሚል ነበር።

የእርስዎ የአደጋ አጣሪ ኮሚቴ ያወጣውን ሪፖርት ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሾፌሩ ያለ አግባብ ፈጥኗል ይላል። ቀጥሎም «በታንኩ ውስጥ የነበረው ቤንዚን በመሣሪያው ምክንያት አነስተኛ ስለነበረ እሳት አልተነሣም፤ ይህም የመሣሪያው ተጨማሪ ጥቅም ሆኖ ተመዝግቧል» ይላል። ይህን የጻፈውን ሰው ባገኘው እጁን እስመው ነበር፤ በእንዲህ ያለ ሐዘን መካከል መልካም ጎን የሚያይ ልብ ለሁሉ አልተሰጠም።

ኮስማስ በሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ «ሞተር አጥፍቼ እንደነበር ከተናገርክ መድኑ ሕክምናዬን አይሸፍንም፣ መንጃ ፈቃዴም ይሄዳል። አደራ ሲላስ» ስላለኝ ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ። ሞተር ማጥፋቱን ግን ተውኩ። ስለተውኩም መኪናው ወደ ሃያ ሊትሩ ተመለሰ፤ ሻምፒዮን በአንድ ቀን ወደ ሃያ ቢመለስ ጥያቄ እንደሚመጣ ስለማውቅ፣ ጄሊሞ ሦስት ሊትር ቤንዚን በወተት ጀሪካን ደብቃ ይዛ ትመጣለች፣ ሸለቆው ውስጥ ዛፍ ሥር ቆመን እንጨምራለን። ነዳጅ ሰርቆ ያወጣል ተብዬ የተከሰስኩት ሰውዬ አሁን ነዳጅ ሰርቄ የማስገባ ሆንኩ። ባለፈው ሳምንት አንድ ተሳፋሪ አፍንጫውን ይዞ «እመቤት፣ ወተትሽ ቤንዚን ቤንዚን ይላል» ቢላት፣ ጄሊሞ «የኢተን ላም ናት፣ ጠዋት ጠዋት ትሮጣለች» ብላ አሳቀችው። እርሷ ግን አልሳቀችም። ምሽት ላይ ስንለያይ «ምዜ፣ ይሄ ነገር እስከ መቼ ነው? እኔ ልጆች አሉኝ» አለችኝ።

ስድስተኛ፣ በግል ስላደረጉልኝ መስተንግዶ። ሰኞ ዕለት ድፍረት አግኝቼ ቢሮዎ መጣሁ፣ ስለ ኮስማስ ሳልናገር ማግኔቱ እንደማይሠራ ብቻ ነገርኩዎ። ወተት የበዛበት ሻይ አስቀዱልኝ፣ በሩን ራስዎ ዘጉት፣ ከዚያም እንደ ወንድም ትከሻዬን ይዘው እንዲህ አሉኝ፦ «ስማኝ ሲላስ። ማግኔቱ ከሠራ አንተ ሻምፒዮን ነህ። ካልሠራ ግን ያ ሁሉ ቁጠባ ውሸት ነው፣ መዝገቡን ያታለለ ሌባ አለ ማለት ነው፤ መዝገቡ ላይ ያለው ፊርማ ደግሞ የአንተ ነው። ሻምፒዮን ወይስ ሌባ? ሻይህን ጠጣና አስብበት።» ሻዩን ጠጣሁ። እርስዎም ሳምንቱ እስኪያልቅ እንኳ ሳይጠብቁኝ፣ ዝም ማለቴን እንደ መልስ ቆጥረው መመሪያውን አስለጠፉ።

ከመናኸሪያው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሄጄ መመሪያውን ለኮስማስ አነበብኩለት።

«ሁሉም? ሠላሳዎቹም?» አለ።

«ሠላሳዎቹም።»

«ጻፍ» አለኝ። «የእኔን ስም ከአንተ አስቀድመህ ጻፍ።»

«መድኑስ?»

«አንተ ሰውዬ፣ እግሬ እንደሆነ ተሰብሯል። ጻፍ ስልህ ጻፍ፣ ከዚያ ያንን ብርቱካን ላጥልኝ።»

ብርቱካኑን ልጬለት መጣሁና ጻፍኩ።

እንግዲህ ክቡር ሊቀመንበር፣ ለጥያቄዎ መልስ ሳልሰጥ መክረሜ ያሳፍረኛል። ሌባ ብለው ይጻፉኝ። በመዝገቡ ላይ ያለው አሥራ ሰባት ሁሉ ውሸት ነው፤ ከኮስማስ አደጋ በፊት ያለው በአሥራ አራት ሰው ነፍስ የተገኘ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ያለው በወተት ጀሪካን የመጣ ነው። ማግኔቱ በውስጡ የለበትም። ሐረጉ ደርቋል፤ ቅሉንና የምስክር ወረቀቱን ለተራ አስከባሪው አስረክቤአለሁ። ስሜን ከሰሌዳው ይፋቁልኝ፣ ሃያውን ሊትር ለሠላሳዎቹ ይመልሱላቸው። ይህን ስጽፍ ጀግና የሆንኩ እንዳይመስልዎ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ከመሪ ሌላ የማውቀው ሙያ የለም፣ ፖሊስ ምን እንደሚለኝ አላውቅም፣ ሳሊና ከትናንት ጀምሮ አላናገረችኝም። ብናገርም ዝም ብልም የሚውጠኝ አንድ አፍ ነው። ብናገር ግን የሚውጠው እኔን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ተናገርኩ።

ለሰጡኝ ክብር፣ ላሳዩኝ መንገድና ለዘጉብኝ በር ሁሉ ምስጋናዬ ወደር የለውም። የማኅበሩ ሊቀመንበርነት ረጅም ዘመን እንዲሆንልዎ፣ በዘመንዎም ሁሉ በእግርዎ እንዲሄዱ እየተመኘሁ፣ ትእዛዝዎን ፍሬን በሌለበት ቦታ እንኳ ሲፈጽም የኖረው አገልጋይዎ፣

ሲላስ ያቶር
ሌባ

ግልባጭ፦
ለኢተን ትራፊክ ፖሊስ፣ ከመንጃ ፈቃዴ ጋር
ለአቶ ኮስማስ ታኑይ፣ አልጋ ቁጥር ዘጠኝ
ከናይሮቢ ለመጡት ባለሙያ፤ አድራሻቸውን የሚያውቅ ስላልተገኘ፣ ሙሉ ልብሳቸውን ለሚያውቅ ሁሉ

ማስታወሻ፦ ኮስማስ ከመጎዳቱ ሁለት ቀን አስቀድሞ፣ ሁላችንም ኮጎ፣ አያታችን፣ እያልን የምንጠራቸው እናትዎ ካባርኔት ያለችውን አራስ እህትዎን ሊጠይቁ ሲሄዱ በእኔ መኪና፣ ከፊት ወንበር፣ ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። ጄሊሞ እሳቸውን አክብራ ራዲዮውን አልከፈተችም። ታምባች ላይ ሞተሩን አጠፋሁት። ጥቂት እንደወረድን «ልጄ፣ የዛሬ መኪና እንዴት ጥሩ ነው፣ ድምፅ የለውም፤ የሸለቆው ወፍ ሁሉ ይሰማኛል» አሉኝ። «ልጅዎ ሊቀመንበሩ ያመጣው መሣሪያ ነው» አልኳቸው። እጃቸውን ዘርግተው እርስዎን ሲመርቁ እኔ ሁለተኛውን ፍሬን ረግጬ ነበር። የሚመለሱት በመጪው ማክሰኞ ነው። በየትኛው መኪና እንደሚሳፈሩ አልነገሩኝም፤ መመሪያው እስከዚያ ካልተነሣ ግን በሁሉም መኪኖች ውስጥ ያለው አሥራ ሰባት ሊትር ነው።